«ገባችሁ?» «አዎ!»፦ መምህሩ ከአሰልጣኙ ምን ይማራል?

መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን ሞልቶ ሲጨርስ ጠመኔውን ያስቀምጥና ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «ገባችሁ?» ይላል። ስልሳው ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ብሎ ይመልሳል። «ጥያቄ ያለው?» ዝም። «ጎበዞች! በሉ ወደሚቀጥለው ገጽ።» ኢትዮጵያ ውስጥ ተምሮ ይህን ያልሰማ፣ አብሮም «አዎ» ያላለ ያለ አይመስለኝም። የመንግሥቱም ትምህርት ቤት፣ ወላጅ ተበድሮ የሚከፍልበት የግሉም ትምህርት ቤት በዚህ አይለያዩም። ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው የሚታወቀው ከስንት ሳምንት በኋላ የፈተና ወረቀት ሲታረም ነው። ያን ጊዜ መምህሩ ሁለት ምዕራፍ አልፎ ሄዷል፤ ወደ ኋላ መመለሻ ጊዜ የለውም።

አንድ የአትሌቲክስ አሰልጣኝ በዚህ መንገድ ቢሠራ ምን ይሆን ነበር? ሯጮቹን ሰብስቦ ስለ አሯሯጥ አርባ ደቂቃ ያስረዳቸዋል። «ገባችሁ?» ይላል፤ «አዎ» ይሉታል። ወደየቤታቸው ይሸኛቸውና በሁለተኛው ወር ውድድር ያስገባቸዋል። ሲሸነፉ ደግሞ «እኔ አስተምሬያቸው ነበር፤ እነሱ ናቸው ያልሰሩት» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው የትኛውም ክለብ ሳምንት አያቆየውም።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ቁጥሮቹ አያስቁም። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጉዳቱ ደግሞ የሚጀምረው ከታች ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የንባብ ምዘና ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ባዶ ሆዱን የሚመጣው ልጅ አለ፣ ጦርነት አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ወር የማያደርስ የመምህር ደመወዝ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ ዛሬ የማነሳው አንዱን፣ ብዙም የማይወራለትን ነው። በክፍለ ጊዜው ውስጥ መምህሩ ይናገራል እንጂ ተማሪው ሲሞክር አያይም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት «ኮቺንግ» የሚባል ነገር መጥቷል። ወደ ከተሞቻችን የገባው በሆቴል አዳራሽ በኩል ነው። የሁለት ቀን ሥልጠና፣ የምስክር ወረቀት፣ የቡድን ፎቶግራፍ። ወሬው የደረሳቸው አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸውን በሰልፉ ሜዳ ሰብስበው አነቃቂ ተናጋሪ ይጋብዛሉ። «ትችላላችሁ! ራሳችሁን እመኑ!» ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ ክፍልፋይ መደመር ያቃተው ልጅ ወደ ክፍሉ ሲመለስ በራሱ ይተማመናል፣ ክፍልፋይ መደመር ግን አሁንም አይችልም።

ጥሩ አሰልጣኝ በልምምድ ሰዓት ምን እንደሚል ቁጭ ብለው የቆጠሩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1974/75 የውድድር ዘመን ሮናልድ ጋሊሞርና ሮላንድ ታርፕ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን፣ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ልምምድ የሚያደርግበት አዳራሽ ገብተው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። አሰልጣኙ ጆን ዉደን ነበር፤ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ጊዜ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ሻምፒዮና ያነሣ ሰው። ምሁራኑን የወሰዳቸው የኳሱ ፍቅር አልነበረም። ሃዋይ ውስጥ ለአገሬው ተወላጅ ልጆች በተቋቋመ የሙከራ ትምህርት ቤት ይሠሩ ስለነበር፣ አንድ የተዋጣለት አስተማሪ ሥራው ላይ እያለ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ፈልገው ነው።

15 ልምምድ ተከታትለው ከዉደን አፍና እጅ የወጡ 2,326 የማስተማር ድርጊቶችን መዘገቡ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ሙገሳ ወይም ጩኸት ነው። ሙገሳው 6.9 በመቶ፣ ቁጣው 6.6 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሦስት አራተኛ ያህሉ ምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚደረግ የሚናገር ተራ መረጃ ነበር፤ እግርህን እዚህ አድርግ፣ ኳሱን ሳትመለከት አቀብል፣ ከመዝለልህ በፊት ዙር። ንግግሩ አጭር ነው፤ ከ20 ሴኮንድ እምብዛም አያልፍም። ስሕተት ሲያይ ልምምዱን ያቆምና ትክክለኛውን በራሱ ሰውነት ያሳያል፤ ቀጥሎ ተጫዋቹ ያደረገውን ያሳያል፤ መልሶ ትክክለኛውን ያሳያል። ከዚያ «በል ድገመው»። ይህ ሁሉ ደግሞ በድንገት የሚመጣለት አልነበረም፤ ጠዋት ከረዳቶቹ ጋር ተቀምጦ የዕለቱን ልምምድ በደቂቃ ከፋፍሎ በትንንሽ ካርዶች ላይ ይጽፍ ነበር። ዉደን ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዱ በፊት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነበር። በሆቴል አዳራሾቻችን የሚሰጠው «ኮቺንግ» በዚያ 6.9 በመቶ ሙገሳ ላይ ብቻ የቆመ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ግን ሎስ አንጀለስ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ አርሲ ይበቃል። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የበቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶንን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ በአቴንስና በቤጂንግ የነገሠው ቀነኒሳ በቀለ፣ ቤጂንግ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም የጠቀለለችው ጥሩነሽ ዲባባ፣ ሁሉም በልጅነታቸው በእኚህ መምህር እጅ አልፈዋል። የበቆጂ ምሥጢር ሲጠየቅ ከፍታው ይነሣል፣ ገብሱ ይነሣል፣ የልጆቹ በእግር መመላለስ ይነሣል። ከፍታና ገብስ ያላቸው ከተሞች ግን ብዙ ናቸው። በየማለዳው ሜዳ ወጥቶ እያንዳንዱን ልጅ በዐይኑ የሚከተል መምህር ያላቸው ጥቂት ናቸው።

አሰልጣኝ እጅ ላይ ያለችው ሰዓት ለሯጩ የምትነግረው ከትናንትናው ሩጫው ስንት ሴኮንድ እንደቀነሰ ወይም እንደጨመረ ነው። ነገ ደግሞ ይሮጣል፤ ነገ ሌላ ቁጥር አለ። እኛ ክፍል ውስጥ ያለው ቁጥር ሌላ ነው። በሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈው «41ኛ» ልጁ ምን እንደማይችል አይናገርም፤ ስንት ሰው እንደበለጠው ብቻ ይናገራል። ቤት ሲደርስ ወላጅ «ስንተኛ ወጣህ?» ይለዋል፤ ጎረቤት «ስንተኛ ወጣህ?» ይለዋል፤ «ምን ላይ ተሳሳትክ?» ያለው ሰው የለም። ፈተናው አልፏል፣ ምዕራፉ ተዘግቷል።

ውጤትና እርማት አብረው ሲመጡ ምን እንደሚሆን ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ ባደረገችውና እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት አሳይታለች። ልጆቹ አንድ ዓይነት ሥራ ሠሩ። አንዱ ቡድን ውጤት ብቻ ተሰጠው፤ ሁለተኛው ውጤት ሳይጻፍለት የጽሑፍ አስተያየት ብቻ ተሰጠው፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። በሚቀጥለው ሥራ ላይ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ውጤትም አስተያየትም የተሰጣቸው ውጤት ብቻ ከተሰጣቸው አልተሻሉም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ የታረመ ወረቀት የሚመለስበትን ቀን ማስታወስ ይበቃል። ልጁ ወረቀቱን ይቀበላል፣ በቀይ የተከበበውን ቁጥር ያያል፣ የጎረቤቱን ቁጥር አሻግሮ ያያል፣ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። መምህሩ ሌሊት ቁጭ ብሎ የጻፈለትን ሁለት መስመር የሚያነብለት የለም።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይዞት የመጣው ተከታታይ ምዘና ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ የታሰበ ነበር። መምህሩ በየጊዜው ተማሪው የት እንዳለ እያየ ትምህርቱን ያስተካክላል ማለት ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ተከታታይ ፈተና ሆነ፤ ከአምስት፣ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት እየተባለ ማርክ መልቀም። መምህራኑን አልወቅስም፤ ርእሰ መምህሩ የሚጠይቃቸው በማርክ መዝገቡ ላይ ክፍት ቦታ እንዳይኖር ነው እንጂ ልጁ የት ላይ እንደተደናቀፈ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። በሳተላይት የሚተላለፈው አስተማሪ ሥዕሉ ያምራል፣ እንግሊዝኛው ይጠራል፣ ነገር ግን አያይም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ ተማሪው ይመልስ አይመልስ ሳያውቅ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። የአሰልጣኝን ተቃራኒ ፈልጎ መሥራት ቢያስፈልግ ከዚያ የተሻለ ማሽን የሚገኝ አይመስለኝም።

የሚገርመው እኛ ሞክሮ፣ ታርሞ፣ ደግሞ የመማርን ሥርዓት ድሮም የምናውቀው መሆናችን ነው። የቅኔ ቤቱን ተመልከቱ። ተማሪው ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ መጥቶ ይነግራል። መምህሩ ያዳምጥና ቤቱ እንዳልመታ፣ ሰሙ ከወርቁ እንዳልገጠመ፣ ግሡ ያለ ቦታው እንደገባ ያሳየዋል። ተማሪው ይመለሳል፣ ያቃናዋል፣ ነገ ደግሞ ይነግራል። የመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት፣ ጉባኤ ቃናው፣ ሳይቃናለት ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ ዓመቱ ስላለቀ ብቻ ወደ መወድስ የሚገፋው የለም። መምህሩ ሁሉን መስማት ስለማይችልም አስነጋሪ አለ። አስነጋሪው ከጀማሪዎቹ ጥቂት የቀደመ ተማሪ ነው፤ የእነሱን ቅኔ ሰምቶ ያርማል፣ በማረሙም ራሱ ይበስላል። ይህን ስል ያለፈውን ለማስዋብ አይደለም። አለንጋውንና ኩርኩሙን፣ ትርጉሙን ሳያውቁ ዳዊት የሚደግሙትን ሕፃናት አልረሳሁም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን አለንጋውን ለረጅም ዘመን ሲያቆይ ነገራውን የጣለበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

«ስልሳ ተማሪ ይዤ እንዴት?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አሰልጣኙ ሃያ ሯጭ ይይዛል፤ መምህሩ በቀን አራትና አምስት ክፍል ይዞራል። ስለዚህ ከሜዳው የሚወሰደው ነገር በዚህ ቁጥር ውስጥ የሚሠራ መሆን አለበት።

አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንይ። ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ተጽፏል። አንድ ልጅ ተነሥቶ «2/5» ይላል፤ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ። የተለመደው አካሄድ «ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ! ሌላ?» ነው። ሌላዋ ትነሣና «5/6» ትላለች። «ጎበዝ! አጨብጭቡላት!» ይጨበጨባል፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ልጅ ስሕተቱን ይዞ ተቀምጧል፤ እንደ እሱ ያሰቡ ሌሎች ሃያ ልጆችም አብረው አጨብጭበዋል። አሰልጣኝ የሆነ መምህር ግን ስሕተቱን ሲያገኝ ሥራ አገኘ ማለት ነው። «እስቲ ግማሽ ዳቦ ነበረህ። ሲሶ ጨመርኩልህ። አሁን ያለህ ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?» «ይበልጣል ቲቸር።» «2/5 ከግማሽ ይበልጣል?» ልጁ ያስባል። እዚህ ላይ መምህሩ ዝም ማለት መቻል አለበት። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት የሳይንስ ክፍሎችን ቀድታ ስታዳምጥ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን አገኘች። ያንን ወደ ሦስት ሴኮንድ ሲያሳድጉት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» ቀነሰ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሴኮንድ በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ ስልሳ ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ረጅም ነው፤ ልምምድ ይጠይቃል።

ልጁ ካቃና በኋላ የቀረ ነገር አለ፤ ወዲያው ሌላ ይሞክር። 1/2 + 1/4። ይህን ሁሉም በደብተሩ ጀርባ በትልቁ ጽፎ ወደ ላይ ያንሣ። መምህሩ በግማሽ ደቂቃ ስልሳ መልስ ያያል፤ «ገባችሁ?» ብሎ ከሚያገኘው «አዎ» ይህ የበለጠ ይነግረዋል። ሃያዎቹ 2/6 ጽፈው ከሆነ ወደሚቀጥለው ገጽ መሄድ ራስን ማታለል ነው። ሦስቱ ብቻ ከሆኑ ደግሞ ከጎናቸው የተቀመጠው አስነጋሪ ይሁናቸው። ይህን ስል የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ትዝ የሚለው አንባቢ ይኖራል። በአንድ ለአምስት የሆነው ይታወቃል፤ ጎበዙ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ የተቀሩት ይገለብጣሉ፣ ሪፖርት ይጻፋል፤ ፖለቲካውም ገብቶበት ነበር። አስነጋሪ ግን ለሌላው አይሠራለትም፤ ሌላው ሲሠራ ሰምቶ ያርመዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ደብተር ማረምም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝኛ መምህርዋ የተማሪውን አንቀጽ ከላይ እስከ ታች በቀይ ብታቀልመው ልጁ የሚያየው ደም የመሰለ ገጽ ብቻ ነው። ዉደን በ20 ሴኮንድ አንድ ነገር ነበር የሚናገረው። በዚህ ሳምንት ያለፈ ጊዜ ግሥ ብቻ፤ የተሳሳተበትን ሁለት ቦታ አስምሮ «አስተካክለህ ነገ አምጣ» ማለት። ስልሳውንም ማታ ማታ ማረም አይቻልም፤ በቀን ስምንት ደብተር ግን ይቻላል፤ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ሲል ሁሉም ይዳረሳል።

ስለ ጭብጨባውም አንድ ነገር ልበል። አቭራሃም ክሉገርና አንጄሎ ዲኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ አስተያየት አሰጣጥ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ከሲሶ በሚበልጡት ሁኔታዎች ውስጥ አስተያየቱ የሰዎቹን ሥራ አሻሽሎ ሳይሆን አባብሶ ነው ያገኙት። ወደ ሥራው ሳይሆን ወደ ሰውየው ሲያመለክት አስተያየት ጉልበቱን ያጣል። «ጎበዝ» እና «ደደብ» በዚህ ረገድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ልጁ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግሩትም። ሕፃን ማመስገን ይቅር አላልኩም፤ ምስጋናው ግን ያደረገውን ይጥራ፤ «ታችኛውን ቁጥር መጀመሪያ አንድ ዓይነት ማድረግህ ልክ ነው» የሚለው ከጭብጨባው ይበልጥ ይቆያል።

ከሜዳው ፈጽሞ መወሰድ የሌለበትም አለ። አሰልጣኝ ይመርጣል። ወደ እሱ የሚመጡት ወደው የመጡ ናቸው፤ ያልፈጠነው ይቀነሳል፤ በበቆጂ ጎዳናዎች ከሮጡት ልጆች አብዛኞቹ ስማቸውን ማንም አያውቀውም። መምህር ይህ መብት የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ለ40ኛውም ለ60ኛውም እኩል ባለዕዳ ነው። «ኮቺንግ እንሰጣለን» የሚሉ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ጎበዞቹን ለይተው ለብሔራዊ ፈተና ሲያዘጋጁ፣ የተቀሩትን ደግሞ ስማቸውን እንዳያጎድፉ ሲሸኙ ይታያል። ይህ ምልመላ ነው፤ የማስተማር ዘዴ ብሎ መጥራት ነውር ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ጥያቄን ብቻ የሙጥኝ ማለት ነው። በኩባንያ አመራሮች ዘንድ የታወቀ፣ ጆን ዊትሞር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው አካሄድ አለ፤ ግብህ ምንድን ነው? አሁን የት ነህ? ምን አማራጭ አለህ? ምን ልታደርግ ቆርጠሃል? ብሎ መጠየቅ። ይህ ለክፍል ኃላፊ መምህር መልካም መሣሪያ ነው። 11ኛ ክፍል ደርሶ ፊዚክስ የከበደውን ልጅ ጠርቶ ከመገሠጽ ይሻላል።

«በሁለተኛው መንፈቅ ስንት ማምጣት ትፈልጋለህ?»

«ስልሳ ቲቸር።»

«አሁን ስንት ነህ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«የሚከብድህ የቱ ላይ ነው?»

«ቬክተር ላይ። ገበያ ቀን ደግሞ እቀራለሁ፤ እናቴን አግዛለሁ።»

«ገበያ ቀን ያለፈህን ከማን ትቀዳለህ?»

ልጁ እቅዱን ራሱ ያወጣል፤ መምህሩም የገበያውን ቀን ያወቀው በዚህ ጥያቄ ነው። ክፍልፋይ ጨርሶ ያልተማረን የ4ኛ ክፍል ልጅ ግን «ምን አማራጭ አለህ?» ቢሉት ምን ይመልሳል? ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 በብዙ በተነበበ ጽሑፋቸው እንዳስረዱት፣ ለጀማሪ ያለ በቂ ምሪት «ራስህ ፈልገህ አግኝ» ማለት ያደክመዋል እንጂ አያስተምረውም። ጀማሪ መጀመሪያ ይታየው፣ ቀጥሎ አብረውት ይሥሩ፣ ከዚያ ለብቻው ይተውት። ዉደን እንኳ ለአዋቂ ተጫዋቾቹ እያሳየ ነበር የሚያስተምረው።

ታዲያ መምህሩን ማን ያሠልጥነው? ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ መምህራን በዩኒቨርሲቲዎች ልዩ የክረምት ሥልጠና ሲወስዱ ቆይተዋል። ይህ በጎ ነው። ግን በአዳራሽ የተሰማ ነገር ክፍል ሲገቡ ይተናል፤ ይህም የተፈተሸ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ክፍለ ሀገር በተደረገ ጥናት ሁለት የመምህራን ቡድኖች አንድ ዓይነት የትምህርት ዕቅድና መጽሐፍ ተሰጣቸው። አንዱ ቡድን በማዕከል ተሰብስቦ ሠለጠነ፤ ሌላውን ደግሞ የንባብ አሰልጣኝ ክፍሉ ድረስ እየመጣ፣ ሲያስተምር እያየ ያርመው ነበር። ልጆቹ በሴትስዋና ንባብ ሲመዘኑ የሁለተኛው ቡድን ለውጥ ከመጀመሪያው እጥፍ ያህል ሆነ። ወጪው ይበልጣል፤ ለውጡም እንዲሁ። ማቲው ክራፍትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 በ60 ጥናቶች ላይ ባደረጉት ፍተሻ መምህርን በክፍሉ ውስጥ ማሠልጠን በአጠቃላይ እንደሚሠራ ቢያረጋግጡም፣ ፕሮግራሙ ወደ ብዙ መምህራን ሲሰፋ ጥቅሙ እንደሚቀንስ አብረው አስተውለዋል። በአንድ ሰርኩላር ከዳር እስከ ዳር ማዳረስ ለለመድን ለእኛ ይህ ሁለተኛው ግኝት ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጠቅመናል።

ሰዎቹ እኮ አሉን። በየጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር አለ፤ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የሚባል መርሐ ግብርም አለ። ችግሩ ሱፐርቫይዘሩ የሚመጣው ቅጽ ይዞ መሆኑ ላይ ነው። የዕለት ትምህርት ዕቅድ ተዘጋጅቷል? ✓ የማርክ መዝገብ ተሟልቷል? ✓ የትምህርት መርጃ መሣሪያ አለ? ✓ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የአንድ ተማሪ ደብተር ገልጦ ያየ፣ ከዚያም መምህርዋን «ያች ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ልጅ ሦስቱንም ጥያቄ የሳተችው በአንድ ምክንያት ነው፤ ነገ በዚህ ጀምሪላት፤ ሐሙስ ተመልሼ አያለሁ» ያለ ሱፐርቫይዘር ምን ያህል ነው? መምህራን ይህንን ማግኘት ይገባቸዋል። ታይቶና ታርሞ የማያውቅ መምህር ተማሪውን እንዲህ እንዲያርም መጠበቅ ግፍ ነው።

መምህሩ ዛሬ በራሱ ሥልጣን ሊጀምረው የሚችለው ብዙ ነው። ደብተር ማስነሣት፣ ሦስት ሴኮንድ መጠበቅ፣ የታረመውን ወረቀት መጀመሪያ ያለ ማርክ መልሶ ማርኩን ከሁለት ቀን በኋላ መንገር ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ከእሱ ሥልጣን በላይ የሆነው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ስሕተቱን አርሞ ዳግም ሲፈተን የተሻለው ውጤት በመዝገቡ ላይ እንዲተካ መፍቀድ። አሁን ባለው የብዙ ትምህርት ቤቶች አሠራር የመጀመሪያው ማርክ እንደ ማኅተም ነው፤ አይነካም። ይህን መለወጥ የሚችሉት ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች ናቸው። ቢያንስ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት የክፍል ውስጥ ምዘናዎች፣ ከመጪው መስከረም በፊት መመሪያውን ያሻሽሉት።